አርኪዮሎጂ ለመማር ከደሴ ውጭ አገር ለምትሄዱ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ሐረጎ ላይ መንገዱ ኮረብታውን ቆርጦ ያልፋል። የተቆረጠውን ግድግዳ በመኪናው መስኮት ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ከላይ ጠቆር ያለ አፈር አለ። ከሥሩ ቀላ ያለ። ከዚያ ድንጋይ የበዛበት፣ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ቀለም። ልጅ ሆኜ አባቴን "ይሄ ለምን እንዲህ ተደራረበ?" ብዬ ጠየቅኩት። "እንጃ ልጄ፣ ስትማሪ አንቺው ትነግሪኛለሽ" አለኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ የስኮላርሺፕ ማመልከቻዬን የጀመርኩት በዚያ ጥያቄ ነው።

አሁን ጀርመን ሁለተኛ ዲግሪዬን ጨርሻለሁ። ከደሴም ከኮምቦልቻም "እንዴት ነው የተሄደው?" እያሉ የሚጠይቁኝ ልጆች በዝተዋል። ለእያንዳንዱ በስልክ የምነግረውን እዚህ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። የሌላ አገር አሠራር ይለያል፤ መንገዱ ግን ይመሳሰላል።

1. ጥያቄ ይዛችሁ ተነሱ

ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት አንድ የራሳችሁ ጥያቄ ያስፈልጋችኋል። "ታሪክ እወዳለሁ፣ አገሬ የ3,000 ዓመት ታሪክ አላት" የሚለው አይበቃም። መራጮቹ ይህንን በየዓመቱ ሲያነቡት ይኖራሉ።

ደግነቱ እኛ ጥያቄ አይቸግረንም። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጋችሁ ወደ ሚሌ ስትወርዱ አፋር ትገባላችሁ። ድንቅነሽ የተገኘችው በዚያ በኩል፣ ሐዳር ላይ ነው፤ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.። ያኔ አካባቢው በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። እዚያው አፋር ውስጥ ጎና ላይ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ዲኪካ ላይ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ "ሰላም" የተባለችውን ሕፃን ቅሪተ አካል አግኝቷል። ወራንሶ ሚሌ ላይ ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የሚመራው ቡድን የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል ይዞ ወጥቷል። ሁለቱም ውጭ አገር ሄደው የተማሩ የእኛው ልጆች ናቸው።

ግን ሁሉም ሰው ስለ ሚሊዮን ዓመት ማጥናት የለበትም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ቅርባችሁ ነው። ከሚሴ በኩል ሾንኬ አለ፤ ተራራ ላይ የተሠሩ የድንጋይ ቤቶች። ደሴ ውስጥ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ቆሟል። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፏል። የጠፋን ቅርስ ለመፈለግ መጀመሪያ ምን እንደነበረ በፎቶና በመዝገብ መያዝ አለበት። ይህ ራሱ አንድ ሰው ዕድሜውን ሊሰጠው የሚገባ ጥናት ነው። እኔ በበኩሌ በጣም አስፈላጊው እሱ ይመስለኛል።

ጥያቄያችሁን ቡና ሊጠጣ ለመጣ ጎረቤት ንገሩት። አቦሉ ሳያልቅ ከገባው ደርሳችኋል ማለት ነው። በረካው ድረስ እያብራራችሁ ከሆነ ገና ነው፤ አጥብቡት።

ለመጀመሪያ ዲግሪ ሙሉ ስኮላርሺፕ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን አገር ውስጥ ጨርሱ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂና ቅርስ አስተዳደር ትምህርት ክፍል አለው። ታሪክ፣ ጂኦሎጂ፣ ጂኦግራፊ ወይም ባዮሎጂ የተማረ ሰውም በሁለተኛ ዲግሪ ወደ አርኪዮሎጂ መግባት ይችላል። ጂኦሎጂ የተማረማ እንዲያውም ይፈለጋል።

2. ገንዘቡን ፈልጉ

ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም በሁለትና ሦስት አገር እየተዘዋወራችሁ የምትማሩበት ነው። ለሚመረጡት የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። በቅድመ ታሪክና በጥንታዊ ቁሳቁስ ሳይንስ ላይ ያተኮሩ ፕሮግራሞች አሉት። ማመልከቻው ብዙ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ የአንድ ዓመት ማስተርስ ይከፍላል፤ ግን 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ከተመረቃችሁ በኋላም ቢያንስ ሁለት ዓመት አገራችሁ ተመልሳችሁ እንድትቆዩ ያስገድዳል። ለዶክትሬት የምትሄዱ ከሆነ ዌነር ግሬን የተባለው የአሜሪካ ፋውንዴሽን ያለውን የዋድስዎርዝ ድጋፍ፣ በሰው ዘር አመጣጥ ላይ ከሆነ ደግሞ የሊኪ ፋውንዴሽንን የባልድዊን ድጋፍ እዩ። ሁለቱም እንደ እኛ ካሉ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች የተዘጋጁ ናቸው። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ላይ ጊዜ አታጥፉ፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም።

ጀርመን ውስጥ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ይህንን ሰምቶ "በቃ ነፃ ነው" ብሎ የሚነሳ ሰው አለ። ነፃ አይደለም። ስኮላርሺፕ ከሌላችሁ ለቪዛ የአንድ ዓመት መኖሪያ ገንዘብ፣ 11,904 ዩሮ፣ ብሎክድ አካውንት ውስጥ፣ ማለትም በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ፣ ማሳየት አለባችሁ። የቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የሚገኝበት የባደን ቩርተምበርግ ክልል ደግሞ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ቤት ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ የሚሄድ ልጅ አውቃለሁ። እባካችሁ ያንን አታድርጉ። አንድ ዓመት ጠብቃችሁ እንደገና አመልክቱ።

3. ወረቀት፤ እዚህ ላይ ዓመት ይባክናል

የብዙ ሰው ዕድል የሚበላሸው እዚህ ነው። ሦስት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛው ስም ነው። ወሎ ውስጥ ሙሐመድ የማይባል ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ በአንድ ኤም ተጽፏል። ዲግሪው ላይ በሁለት ኤም። ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ ኦ የነበረችው ዩ ሆናለች። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ኮምፒውተር ላይ ለሚያየው የውጭ ሠራተኛ ሦስት ሰው ነው። ፓስፖርት ከማውጣታችሁ በፊት ወረቀቶቻችሁን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የተሳሳተውን አሁን አስተካክሉ፤ ከሄዳችሁ በኋላ ውክልና ልካችሁ ማስተካከል እጥፍ ድርብ ሥራ ነው።

ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። አንድ ልጅ ጥር 5 ቀን 1992 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 14 ቀን 2000 ነው። ጥር አምስተኛ ወር ስለሆነ ግን አንድ ቦታ ላይ 05/05/1992 ተብሎ ይጻፋል። ፈረንጁ ሜይ 5 ቀን 1992 ብሎ ያነበዋል። ልጁ ሳያስበው ስምንት ዓመት ገደማ አረጀ። የዕድሜ ገደብ ያለው ስኮላርሺፕ ከሆነ በዚህ ብቻ ይወድቃል። የልደት የምስክር ወረቀታችሁ በሁለቱም አቆጣጠር ትክክል መሆኑን በዓይናችሁ አይታችሁ ተቀበሉ።

ሦስተኛው ኮስት ሼሪንግ ነው። ሲመረቁ ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት፣ ይሰጣል፤ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ግን የወጪ መጋራቱ ጉዳይ ካላለቀ አይወጣም። ብዙ ሰው ይህንን የሚያስታውሰው ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ደመወዝ እንደጀመራችሁ ወዲያው እየከፈላችሁ ጨርሱት።

የእንግሊዝኛ ፈተና ለሚጠይቅ ፕሮግራም አይኤልትስ ለመፈተን አዲስ አበባ መውረድ ይኖርባችኋል። 400 ኪሎ ሜትር ነው። ሌሊቱን በመኪና ሄዳችሁ ጠዋት አትፈተኑ። ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ዘመድ ቤት እደሩ። የሰነድ ማረጋገጡንም በዚያው ጉዞ ጨርሱት፤ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ውጭ ጉዳይ፣ የምትሄዱበት አገር ኤምባሲ የሚጠይቀው ካለም እሱ።

4. ደብዳቤው

የእኛ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ሰላምታው ይረዝማል፤ ማክበር ነው። የውጭ ፕሮፌሰር ግን የጠዋት ኢሜይሉን የሚያነበው ቆሞ ነው። ስድስት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ማን እንደሆናችሁ፣ ጥያቄያችሁ ምን እንደሆነ፣ ከእሱ ሥራ የትኛውን እንዳነበባችሁ፣ ምን እንደምትፈልጉ። ከዚያ ሲቪ አያይዙ። በአንድ ኢሜይል ለአሥር ሰው አትላኩ፤ ያስታውቃል። እኔ ለአሥራ አንድ ሰው ጻፍኩ። ሦስቱ መለሱልኝ። አንዷ አስተማሪዬ ሆነች።

ሪኮመንዴሽን የሚጽፍላችሁን መምህር ቢያንስ ሁለት ወር ቀድማችሁ ለምኑ። ሥራችሁን፣ ውጤታችሁንና ጥያቄያችሁን በአንድ ገጽ አድርጋችሁ ስጡት። መምህሩ ብዙ ተማሪ አለው። እናንተን በዝርዝር እንዲያስታውስ መርዳት የእናንተ ሥራ ነው።

5. ሻንጣ

እማዬ ሁለት ኪሎ ንጥር ቅቤና ቋንጣ አዘጋጅታልኝ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ ተሳፋሪ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ እንዲያስገባ አይፈቅድም። ቦሌ ከመድረሴ በፊት ይህን የነገረኝ ዘመድ ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ድካሟ እዚያ ቆሻሻ ውስጥ ይጣል ነበር። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶና ኮረሪማ ያዙ፤ በደንብ የታሸገ፣ ስሙ የተጻፈበት ይሁን። ጀበናዋን በልብስ ጠቅልላችሁ በእጅ ሻንጣ።

አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ እነግራችኋለሁ። ማሳ ላይ ያገኛችሁትን ገል፣ ባልጩት ወይም አሮጌ ሳንቲም "ለመምህሬ ላሳይ" ብላችሁ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። ለአርኪዮሎጂ ተማሪ ደግሞ ከዚህ በላይ ስም የሚያጠፋ ነገር የለም። ፎቶ አንሱት፣ ቦታውን መዝግቡት፣ ባለበት ተዉት።

6. የመጀመሪያው ወር

ዶርም ለማግኘት ቅበላችሁ እንደመጣ በዚያው ቀን አመልክቱ፤ ወረፋው ወራት ይፈጃል። የግል ቤት ከተከራያችሁ እስከ ሦስት ወር ኪራይ የሚደርስ መያዣ ይጠየቃል። ቤቱን ሳያዩ፣ ውል ሳይፈርሙ ገንዘብ ላኩ የሚላችሁ ሰው አጭበርባሪ ነው።

እንደገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ መመዝገብ አለባችሁ። አንሜልዱንግ ይሉታል። አከራዩ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል። ያ ምዝገባ ከሌለ የሚቀጥለው ሁሉ ይጓተታል፤ ባንኩም፣ የመኖሪያ ፈቃዱም። የጤና መድን ግዴታ ነው፤ ያለ እሱ ዩኒቨርሲቲው አይመዘግባችሁም። ለሬዲዮና ቴሌቪዥን ለእያንዳንዱ ቤት በወር 18.36 ዩሮ ይጠየቃል፤ ቴሌቪዥን ባይኖራችሁም። ደብዳቤው ሲመጣ አትጣሉት። እዚያ አገር ደብዳቤ አይጣልም። ፋይል ግዙና ሁሉንም በቀን አስቀምጡ።

ደብዳቤው ደግሞ በአባቴ ስም ነበር የሚመጣው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ እነሱ የመጨረሻውን ስም ይወስዳሉ። "ወይዘሮ" ብለው የአባቴን ስም ይጽፋሉ። መጀመሪያ ግር አለኝ። በኋላ ደስ ይለኝ ጀመር። ፖስታ ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር የአባቴ ስም አለ።

ሰዓቱም ያጠፋችኋል። አንድ ቢሮ ስምንት ሰዓት ላይ ቀጠሮ ሰጡኝ። እኔ በእኛ ስምንት፣ ከምሳ በኋላ ደረስኩ። ቀጠሮው ጠዋት ነበር፤ በእኛ ሁለት ሰዓት። ሌላ ቀጠሮ ለማግኘት አምስት ሳምንት ጠበቅኩ። ስልካችሁን በፈረንጅ ሰዓት ሙሉት፣ ቀጠሮ ሲሰጧችሁም ጠዋት ወይስ ከሰዓት ብላችሁ ጠይቁ። አምስት ደቂቃ ማርፈድም ማርፈድ ነው።

እሑድ ሱቅ ዝግ ነው። ቅዳሜ ግዙ።

7. ክፍልና ቁፋሮ

የመጀመሪያው ሴሚስተር ከባድ ነው። ፕሮፌሰሩን ፊት ለፊት ተቃውመው የሚከራከሩ ተማሪዎች ታያላችሁ። እኛ አስተማሪ ሲናገር ዝም ማለትን ነው የተማርነው። እዚያ ዝምታ ያላነበባችሁ ያስመስላል። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ጥያቄ ጽፋችሁ ግቡ፤ እጃችሁን አውጡ።

ሥራው ግን እጅ ይፈልጋል፤ እዚያ ላይ እኛ አናንስም። ግንበኛ ሲሚንቶ የሚለስንበትን የምትመስል ትንሽ ሹል ብረት ይሰጧችኋል። ትራውል ይሏታል። መቆፈር ሲባል በዶማ መሰላችሁ? በዚያች ብረት አፈሩን እንደ ቅጠል እየላጡ ነው። የአፈሩ ቀለም ሲለወጥ ማቆም አለባችሁ፤ ሌላ ዘመን ገብታችኋል። ቀለሙን በቀለም መጽሐፍ እያመሳከሩ ይመዘግባሉ፣ ይለካሉ፣ ይሥላሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። አፈሩ በወንፊት ይነፋል። አንዴ የተቆፈረ ጉድጓድ አይመለስም፤ ያልተመዘገበ ነገር ጠፋ ማለት ነው። ሐረጎ ላይ ያየሁት ድርብርብ ሁሉ በዚያን ጊዜ ትርጉም ሰጠኝ።

አንድ ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ገል ዘርግተው "ይህ የዕቃው የትኛው ክፍል ነው?" አሉን። አንዱን አነሳሁ። ውጩ ጥቀርሻ ይዟል፤ ጥቀርሻው ግን አንድ መስመር ላይ ሲደርስ ቁርጥ ይላል። ከዚያ በላይ ንፁሕ ነው። እማዬ ጉልቻ ላይ የምትጥደው ሸክላ ድስት እንዲሁ ነው። እሳቱ እስከሚደርስበት ይጠቁራል፣ አፉ አካባቢ ቀለሙ ይቀራል። "ሆዱ ነው፤ እሳት ላይ የሚጣድ ማብሰያ ነው" አልኩ። መምህሯ "እንዴት አወቅሽ?" አለችኝ። ስለ ጉልቻው ነገርኳት። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። የቤታችሁ ዕውቀት ዕውቀት ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ የሚሠሩትን ከመሄዳችሁ በፊት ተቀምጣችሁ እዩ፤ በአማርኛ የየዕቃውን ክፍል ስም ጻፉ። ያ ደብተር ከብዙ መጽሐፍ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ኪውጂአይኤስ የሚባለውን ነፃ የካርታ ፕሮግራም ደግሞ ገና ደሴ እያላችሁ ተለማመዱ። ማንም አይጠይቃችሁም፣ ብር አይፈልግም፣ እዚያ ስትደርሱ ግን ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት እሱን ነው።

8. ጨለማው ሲመጣ

ዲሴምበር ላይ በእኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ይጨልማል። የደሴን ብርድ አውቃለሁ ብላችሁ አትመኩ። የእኛ ብርድ ፀሐይ አለው፤ ጦሳ ተራራ ላይ ጭጋጉ ሲገፈፍ ይሞቃል። የዚያ ብርድ ለሳምንታት ፀሐይ አያሳይም። እኔ ሁለተኛው ወር ላይ እንቅልፌ ተዛባ፣ መብላት አስጠላኝ፣ ከቤት ሲደወል ስልክ ማንሳት አቃተኝ። ስንፍና መሰለኝ። ስንፍና አልነበረም።

የረዳኝ ይህ ነው። ብርሃን ባለባት ሰዓት፣ ዝናብም ቢሆን፣ ወጥቶ መራመድ። በሳምንት አንድ ቀን ከሌሎች አበሾች ጋር ቡና ማፍላት፤ ዕጣን ስታጨሱ ግን የጭስ ደወሉን አስቡ። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና አማካሪ ዘንድ መሄድ፤ ለተማሪ ነፃ ነው፣ ማንም አይሰማም። እሑድ እሑድ እናቴን መደወል፣ ያለ ውሸት። ብዙዎቻችን "ደህና ነኝ፣ ሁሉ ሰላም" እንላለን። አንድ እሑድ አለቀስኩባት። "አብሽሪ ልጄ፣ ክፉም ያልፋል፤ በልተሻል ወይ?" አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ቀለለኝ።

ቋንቋውን ተማሩ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ሐኪሙ፣ ጎረቤቱ፣ ቁፋሮ ላይ አብሯችሁ የሚሠራው ሽማግሌ በእንግሊዝኛ አይኖሩም። ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪ በርካሽ ወይም በነፃ ያስተምራሉ። ገንዘብ ካጠራችሁ እየተማራችሁ መሥራት ይፈቀዳል፤ ጀርመን ውስጥ በዓመት 140 ሙሉ ቀን። ግን ከቤት "ላክልን፣ ላኪልን" የሚለው ጥያቄ ቶሎ ይጀምራል። መጀመሪያ ዓመት ላይ ስኮላርሺፑ ስንት እንደሆነና ኪራዩ ስንት እንደሚወስድ ቁጥሩን ለቤተሰብ በግልጽ ንገሩ። ካላወቁ አይፈረድባቸውም።

9. የመመረቂያ ጽሑፍ አገር ቤት ከሆነ

ይዛችሁት የተነሳችሁትን ጥያቄ እዚህ ታወጡታላችሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ለማሰስም ሆነ ለመቆፈር ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዜግነታችሁ ከዚህ ነፃ አያወጣችሁም። ማመልከቻውን ቢያንስ ስድስት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ። ከፌዴራሉ ፈቃድ በኋላ የክልሉና የዞኑ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ ከዚያ ወረዳው፣ ከዚያ ቀበሌው አለ። አንዱን ዘላችሁ አትለፉ።

መጨረሻ ላይ የቀበሌ ሽማግሌዎችን አስፈቅዱ። ወረቀት ስለሚያስፈልግ ብቻ ሳይሆን መሬቱ የእነሱ ስለሆነ። እኔ ስሄድ አንድ አባት "ወርቅ ልትፈልጊ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "ገል ነው የምፈልገው አባባ" አልኳቸው። "ገል? እሱማ ሳርስ ማረሻዬን ሲያስቸግረኝ ነው የኖረው" ብለው ማሳቸው ድረስ ወሰዱኝ። ጉድጓድ ሳልቆፍር፣ በእግር ብቻ እየተዘዋወርን፣ በአንድ ቀን ጥናቴ የቆመበትን ቦታ አሳዩኝ።

ጽሑፉ ሲያልቅ አንድ ቅጂ ለቅርስ ባለሥልጣን፣ አንድ ቅጂ ለደሴ ሙዚየም አስገቡ። ሦስት ገጽ የአማርኛ አጭር ጽሑፍ ከካርታና ከፎቶ ጋር አዘጋጅታችሁ ለቀበሌው ትምህርት ቤት ስጡ። ማሳቸውን ያሳዩኝ አባት የልጅ ልጃቸው እያነበበላቸው ሰሙት። የማሳቸውን ስም የተሳሳተ ፊደል ጽፌበት ኖሯል፤ አስተካክዬ እንደገና አሳትሜ ላኩላቸው።